የገና ዱላ እንጀራ የማይሆነው ለምንድን ነው?

በታኅሣሥ መጨረሻ የራያ ቆላ ማሽላው ታጭዶ፣ የቆቦ ሜዳ ከጎብዬ ወዲህ ወለል ብሎ ይታያል። ገና የሚደርሰውም በዚሁ ሰሞን ነው። በአማራ ምድር የገና ጨዋታ ባለበት ሁሉ ታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ ወንዶች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ሩሯ፣ ማለትም የጨዋታው ኳስ፣ መሐል ትወረወራለች፤ መንደር ከመንደር፣ ያገባ ካላገባ ይገጥማል። በዚያች ዕለት አለቃና ምንዝር፣ ጌታና ሎሌ አይለይም። ሲመሽ ሁሉም ይበተናል። ቀኑን ሙሉ ሩሯን ሲያሳድድ የዋለው ጎረምሳም በማግስቱ ወደ አውድማው ወይም ወደ ከብቱ ይመለሳል፤ እስከ ከርሞ ስሙን የሚጠራው የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው ስለዚያ ጎረምሳ ነው። ዱላና ሩር ይዞ መሮጥ በሌላው ዓለም ሙያ ከሆነ፣ ደመወዝና ጡረታ ካለው፣ እኛ ዘንድ የአንድ ከሰዓት ጨዋታ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው?

የአይስ ሆኪን ታሪክ ስናይ ምክንያቱ የችሎታ ማነስ እንዳልሆነ እንረዳለን። የካናዳ ልጆችም መጀመሪያ በረዶ በያዘው ኩሬ ላይ፣ ያለ ልክና ያለ ዳኛ፣ ዱላ ይዘው ይራኮቱ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1875 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል ከተማ በጣሪያ ሥር በተዘጋጀ የበረዶ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተጋጠሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕጉ በጋዜጣ ታተመ። በ1886 ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1904 ለተጫዋቾች በግልጽ ደመወዝ የሚከፍል ሊግ ተጀመረ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ደግሞ በ1917 ተመሠረተ። ከመጀመሪያው የጣሪያ ሥር ግጥሚያ እስከዚህ ሊግ ያለው ዕድሜ 42 ዓመት ነው። የእኛ ገና ከዚያ ሁሉ በፊት የነበረ ጨዋታ ነው።

ግን ሊጉ ብቻውን ተጫዋች አያኖርም። ይህን ከዊሊ ኦሪ ሕይወት በላይ የሚያስረዳ የለም። ኦሪ በካናዳ ፍሬድሪክተን የ13 ልጆች ታናሽ ሆኖ በ1935 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በጉርምስናው የሆኪ ዲስክ ቀኝ ዓይኑን መታውና ብርሃኑን ከሞላ ጎደል አጣ፤ ቢታወቅ ከጨዋታ ይታገድ ነበርና ነገሩን ደብቆ ያዘው። ጥር 18 ቀን 1958 ለቦስተን ብሩይንስ ተሰልፎ በብሔራዊው ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በዚያ ከፍተኛ ሊግ በጠቅላላው የተጫወተው ግን 45 ጨዋታ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ እስከ 1979 ድረስ፣ ዕድሜው ከአርባ አልፎም፣ በሙያው ኖሯል። ያኖሩት በሎስ አንጀለስና በሳንዲያጎ የነበሩ የታችኛው ሊግ ክለቦች ናቸው። በእነሱ ዘንድ ሁለት ጊዜ የምዕራቡ ሊግ ቀዳሚ ግብ አግቢ ሆኗል። ብሩይንስ 22 ቁጥር ማሊያውን ለክብሩ የሰቀለለት በ2022 ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው የመጀመሪያው ጥቁር መሆኑን ብቻ አይደለም። ከላይ የወደቀን ሰው የሚቀበል መካከለኛ ደረጃ መኖሩን ነው። ሙያ የሚባለው ነገር የሚኖረው በዚያ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው።

ይህ ደረጃ በሌለበት አንድ ሰው ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ደግሞ የራሳችን ሮቤል ተክለማርያም አሳይቶናል። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል የበረዶ ሸርተቴ ተምሮ፣ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። ኢትዮጵያ በዘርፉ ፌዴሬሽን ስላልነበራት ራሱ አቋቋመ። በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ብቻውን ይዞ ገባ፤ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር 93ኛ ሆነ። በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግና በቤይጂንግ ግን ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሮቤል የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል፤ የሚከተለው ተተኪ ያጣው ከሥሩ ክለብ፣ አሠልጣኝና የወጣት ውድድር ስላልነበረ ነው። በረዶ የለንምና ይህ ስፖርት መቅረቱ ቢያሳዝንም ላያስወቅስ ይችል ይሆናል። የናይሮቢ ወጣቶች ግን በአንድ ሆቴል ውስጥ ባለች ትንሽ የበረዶ ሜዳ ቡድን መሥርተው፣ ኬንያን በ2024 እ.ኤ.አ. ለዓለም አቀፉ የአይስ ሆኪ ፌዴሬሽን አባልነት አብቅተዋታል።

ገና ደግሞ በረዶ አይፈልግም። ደረቅ ሜዳ፣ የዛፍ ዱላና ሩር ይበቃዋል። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር አሰልፎ ክልሎችን ያወዳድርበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጨዋታው ሕግና ዳኛ አግኝቷል። የጎደለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውድድሩ ያልቃል፣ ዋንጫው ይሰጣል፣ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚያሠለጥነው ክለብ፣ የሚፈርመው ውል፣ ሲጎዳ የሚያሳክመው አካል የለውም።

የራያ ቆቦ ወጣት ሌላም ሸክም አለበት። ከቆቦ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ተመረቀላት፤ የእግር ኳስ ክለቧም ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ስታዲየም ያለ ታችኛ ደረጃ ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ ታይቷል። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በ2013 ክረምት ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ ጳጉሜ 4 ቀን በከተማዋ የተፈጸመውን የሰላማዊ ሰዎች ግድያ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መርምሮ ይፋ አድርጎታል። ነሐሴ 2014 ውጊያው እዚያው አካባቢ እንደገና ፈነዳ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው ግን የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ተያዘ። በእነዚህ ዓመታት አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ተጫዋች የሚሠራበት ዕድሜው አልፏል፤ ያን ዕድሜ የሚመልስለት የለም።

ስለዚህ ሰላሙ እስኪሟላ ጠብቀን እንጀምር የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። የሶለል ሰሞን የቆቦ ልጃገረዶች ተሰባስበው በዓላቸውን አቆይተዋል። ወንዶቹም ለገና እንዲሁ ይሰባሰባሉ። ፌዴሬሽኑ፣ የሰሜን ወሎ ዞንና የከተማ አስተዳደሮች ሊጨምሩ የሚገባቸው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ በቆቦ፣ በሮቢት፣ በጎብዬና በወልድያ ቡድኖች መካከል የሚካሄድ ቋሚ ውድድር፣ የተጫዋች መዝገብ፣ ለአሠልጣኝና ለዳኛ አበል፣ ለተጎዳ መታከሚያ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ የሚሰለፍበት ይሁን፤ ራያ እንደዚያ ነውና። የፍጻሜ ጨዋታው በገና ማግስት ላሊበላ ላይ ቢደረግ፣ ከየአቅጣጫው ለበዓሉ የመጣው ሕዝብ ተመልካች ይሆናል፤ ከትኬቱም ለተጫዋቾቹ የመጀመሪያው ክፍያ ሊወጣ ይችላል። ጥያቄው ለፌዴሬሽኑና ለዞኑ ቀርቧል፤ ለሚቀጥለው ገና መልስ ይሰጡበት።