የሱቁን ቁልፍ ማን ይያዝ?

ከመግሪብ በፊት ያለችው አንድ ሰዓት ለባለሱቅ የቀኑ ትልቋ ሰዓት ናት። መካኒሳ አቦ ባለችው ትንሽ ሱቃችን ደጃፍ ሰው የሚበዛው ያኔ ነው። ሳምቡሳ በመጥበስ ላይ ያለች እናት ዘይት ጎድሏት ልጇን ትልካለች። ከሥራ የሚመለሰው ቴምር ይጠይቃል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ስለገቡ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ምስርና ሽሮ ይዘው ለመግባት ይቸኩላሉ። ባለፉት ዓመታት አዛን ሲል እኛ ባልና ሚስት ከባንኮኒው ጀርባ ቆመን አንድ አንድ ፍሬ ቴምር አፋችን ውስጥ ጣል እናደርግና ሒሳብ መቀበላችንን እንቀጥል ነበር። ልጆቻችን ቤት ከአያታቸው ጋር ያፈጥራሉ። ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ ስድስት ረመዳን ያለፈው እንዲህ ነው።

ዓምና በረመዳን አጋማሽ አንድ ማታ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ቤት ስንገባ የሰባት ዓመቷ ልጃችን አልተኛችም ነበር። «አቢ፣ ሱቁ መቼ ነው የሚያፈጥረው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን። ከተኛች በኋላ ግን ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም። ልጅቷ እናትና አባቷን የያዘባት ሱቁ እንደሆነ ገብቷታል፤ እርሱ ካፈጠረ ይለቃቸዋል ብላ ትጠብቃለች።

እንደ እኛ አነስተኛ ንግድ ይዛችሁ ረመዳንን ከባንኮኒ ጀርባ የምታሳልፉ ቤተሰቦች ብዙ ናችሁና፣ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የሆነውን ልናጫውታችሁ ወደድን።

በማግስቱ መጀመሪያ ያደረግነው የሥራ ሰዓታችንን መቁጠር ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከፍተን ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዘጋለን። በቀን 15፣ በሳምንት 105 ሰዓት ማለት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአንድ ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጓል። በየሰባት ቀኑ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ባለቤቱን ግን ማንም «ዛሬ ዕረፍትህ ነው» አይለውም። አለቃውም ሠራተኛውም እርሱ ራሱ ነው። ለራሱ ክፉ አለቃ ቢሆን የሚከስሰው የለም። እኛም ለአረፋ አገር ቤት ከገባን ሦስት ዓመት አልፎን ነበር፤ እናታችን በስልክ «ዘንድሮስ?» ባሉን ቁጥር «ኢንሻአላህ፣ ሥራው ትንሽ ጋብ ሲል» እንላቸዋለን። የሱቅ ሥራ ደግሞ ጋብ አይልም።

ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። በመዲና አንድ ጁምዓ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቆመው ኹጥባ በማድረግ ላይ ሳሉ እህል የጫነ የነጋዴ ቅፍለት ከተማ ገባ። ወሬው እንደተሰማ ሰዉ ወደ ቅፍለቱ ወጣ። ጃቢር ባስተላለፉት ሐዲስ እንደተዘገበው ከነብዩ ጋር የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የሱረቱል ጁምዓ የመጨረሻው አንቀጽ በዚህ ምክንያት ወረደ። የወጡት ሶሐቦች ናቸው፤ በእምነታቸው ከእኛ የጠነከሩ ሰዎች። ገበያ እነርሱን እንኳ ከነብዩ ፊት ካስነሳ፣ እኛን ከገዛ ማዕዳችን ቢያስነሳን የሚገርም አይደለም።

ከዚያው ሱራ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። አላህ ለጁምዓ ሶላት ጥሪ ሲደረግ መሸጥ መግዛትን እንድንተው ያዝዛል፤ ሶላቱ ሲያበቃ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን ከችሮታው እንድንፈልግ ይነግረናል። ንግድ በሰዓቱ ሐላል ነው፤ መተዉም በሰዓቱ ትእዛዝ ነው። ሰልማን አልፋሪሲ ደግሞ ዒባዳ አብዝተው ሰውነታቸውንና ቤተሰባቸውን የዘነጉትን አቡ ደርዳእን ሲመክሩ፣ አካልም ቤተሰብም ሐቅ እንዳላቸው አስታውሰዋቸዋል፤ ነብዩም የሰልማንን ምክር አጽድቀዋል። በዒባዳ እንኳ የቤተሰብ ሐቅ የማይጣስ ከሆነ፣ በዘይትና በሳሙና ንግድማ እንዴት ይጣሳል?

ይህን ሁሉ ማወቅ ቀላል ነበር። ከባዱ ቁልፉን ለሰው መስጠት ነው።

አብሮን የሚሠራ የወንድም ልጅ አለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሲያወርድ፣ ሲደረድር፣ ውኃ ሲቀዳ ኖሯል። ቁልፍ ግን ይዞ አያውቅም፤ የዱቤ ደብተሩንም ገልጦ አያውቅም። «ገና ልጅ ነው» እንል ነበር። ዕድሜው 22 ነው። እኛ ሱቁን የከፈትነው ከዚያ ብዙም ሳንበልጥ ነው።

ከረመዳን በኋላ በአንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላውን ብቻ ለእርሱ ልንተው ቆረጥን። ቤት ተቀምጠን በየ10 ደቂቃው ደወልንለት። አንድ ጊዜ ስልኩን ሳያነሳ ሲቀር አባወራው ጫማውን በቅጡ ሳያስር ሮጠ። ደርሶ ያየው ልጁ ሁለት ደንበኞችን ሲያስተናግድ ነው። ማታ ሒሳብ ስንሠራ ግን የአምስት ሊትር ዘይት በድሮው ዋጋ ሸጦ፣ ሁለት ዱቤ ሳይመዘግብ አግኝተነዋል። «ብለን ነበር!» ተባባልን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «አጎቴ፣ አዲሱን ዋጋ ማን ነገረኝ?» አለ። እውነቱን ነው። ዋጋው ሁሉ በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ያላስተማርነውን ፈተንነው፤ ሲወድቅ ደግሞ ለአለማመናችን ማስረጃ አደረግነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። በየመደርደሪያው ዋጋ ጻፍን፤ ዋጋ በተለወጠ ቀን ወረቀቱም ይለወጣል። ዱቤ የሚወስድ ሰው ስሙ፣ የወሰደው ዕቃና ቀኑ ተጽፎ ራሱ ይፈርማል፤ ከተወሰነው ገንዘብ በላይ ከሆነ ልጁ ደውሎ ይጠይቃል። ከዚያ ውጪ አይደውልም፤ እኛም አንደውልም። በቴሌብር የተከፈለው በመልእክት ስለሚደርሰን የቀረውን ጥሬ ገንዘብ ማታ አብረን እንቆጥራለን። ጁምዓ በሶላት ሰዓት ሱቁ ለሁላችንም ይዘጋል። ልጁ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ያርፋል፤ የእኛን ሸክም በእርሱ ጫንቃ ላይ አውርደን ዐረፍን ማለት አላህም አይወደው፣ ሕጉም አይፈቅደው።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ነገር ገጠመን። በሳምንት ሁለት ምሽት ቤት መዋል ጀምረን ሱቁ ምንም አልሆነም። የሽያጩ ገንዘብ አልጎደለም። ደስ ሊለን ሲገባ ከፋን። በዕድሜ የገፉ አንዲት ደንበኛችን «ልጁ ጎበዝ ነው፤ ፈጣን ነው» ሲሉን ፈገግ ብለን ውስጣችን ቅር አለው። ለካ የምንፈራው ሌባ ብቻ አልነበረም። ያለ እኛ ይሆናል መባሉንም እንፈራ ነበር። ሪዝቅን የሚሰጠው አላህ ነው ስንል ኖረን፣ በልባችን ግን የሱቁን በር የያዝነው በእኛ ክንድ ብቻ መስሎን ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ታሪክ ትዝ አለን። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጥተው ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ የእስልምና በዓላት በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲከበሩ ነበር። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በደርግ ዘመን ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓ (አረፋ) እና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ በፊት በዓሉን ማክበር የፈለገ ሙስሊም ሠራተኛ ፈቃድ መለመን ነበረበት። እኛ ማንንም ሳንለምን በእጃችን ባለው ዕረፍት ምን አደረግን? የዒድ ሶላት ሰግደን፣ ልብስ ቀይረን፣ ሱቅ ከፈትን።

ዘንድሮ ፈተናው ከበድ ብሎ መጥቷል። መጋቢት 5 የአቦ ዓመታዊ ክብረ በዓል ነው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነውና በዚያ ቀን መንገዱ በሰው ይሞላል፤ ለሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ከዓመቱ ትልልቅ የገበያ ቀናት አንዱ ነው። በ2018 ዓ.ም. ቀኑ የሚውለው ከረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ ነው። አባወራው ደግሞ ዘንድሮ ኢዕቲካፍ ሊገባ ነይቷል። ነብዩ በነዚህ አሥር ቀናት መስጂድ ይከትሙ ነበር፤ ለይለተል ቀድርም የምትፈለገው በእነዚህ ሌሊቶች ነው።

ሐሳቡን ሲያነሳ እማወራዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «አንተ መስጂድ ስትገባ እኔ ሱቅ ልገባ ነው?» ቤቱ ዝም አለ። ይህ ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ነው ብለን እናምናለን። አንዱ ዐረፈ ሲባል ሥራው ወደ ሌላው ትከሻ ይዞራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እናት። ለይለተል ቀድርን እርሷም ትፈልጋታለች።

ስለዚህ ቁጭ ብለን ሌሊቶቹን ተካፈልን። የሰፈራችን ኡስታዝ አሥሩን ቀን መግባት ያልቻለ የቻለውን ያህል እንዲገባ ስለመከሩን፣ አባወራው የተወሰኑትን ሌሊቶች ይገባል። በሌሎቹ ሌሊቶች እርሱ ከልጆቹ ጋር ይሆንና እርሷ ተራዊህና የሌሊት ሶላት ትሄዳለች። መጋቢት 5 ሱቁ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው፤ የወንድም ልጅ ይይዘዋል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ገበያ ይቀርብናል። ምን ያህል እንደሚቀርብን እናውቃለን፤ አውቀን ተውነው። ሱቁ ሲዘጋ ዓይናቸውን ጣል የሚያደርጉልን የጎን ጎረቤታችን ናቸው። ጾመኛ ናቸውና፣ «ሂዱ፣ አፍጥሩ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» ብለውናል።

ከንግዱ መላቀቅ የከበደው ቤተሰብ ካለ ምክራችን ትንሽ ነው። ከአንድ ጁምዓ ጀምሩ። ከመስጠታችሁ በፊት አስተምሩ። በልባችሁ የያዛችሁትን ዋጋ በወረቀት አውጡት። የሰጣችሁትን ቁልፍ በስልክ አትንጠቁ። ማን ዐርፎ ማን እንደደከመም በየሳምንቱ ተጠያየቁ።

ከዚህ ረመዳን መግቢያ ጀምሮ በየምሽቱ ከመግሪብ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በሩ ላይ አንድ ካርቶን እንሰቅላለን። የጻፈችው ልጃችን ናት፤ ፊደሎቹ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብለዋል። «ሱቁ እያፈጠረ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳል» ይላል። አንዳንዱ ደንበኛ አንብቦ ይስቅና ቆይቶ ይመጣል። አንዳንዱ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። እኛም ወደ ቤት እንሄዳለን።