ነጩ ገጽ ላይ የተነሰነሰው አሸዋ

ላፕቶፑ አዲስ ነው፤ ስክሪኑም ማት ነው፣ መብራትና መስኮት የማያንጸባርቅ። ፊልም ሲታይበት እንከን አይወጣለትም። ባዶ የወርድ ገጽ ሲከፈት ግን ነጩ ነጭ አይሆንም። ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ካዩት ደግሞ ጥቃቅን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ሰው መጀመሪያ ጨርቅ ያነሳል። ቀጥሎ መነጽሩን ይወለውላል። ይህም አልሆን ሲለው ወይ ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ወይ ዓይኔ ደክሟል ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም አይደሉም፤ ይህንንም በሁለት ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሥተው ምስሉን በሌላ ስክሪን ይክፈቱት። አንድም ቅንጣት አያገኙበትም፤ ኮምፒውተሩ የላከው ምስል ንጹሕ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ዓይንዎን ከነጩ ገጽ ሳይነቅሉ ራስዎን ቀስ አድርገው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሱ። ቆሻሻ ቢሆን ባለበት ይቀር ነበር፤ የተቃጠለ ፒክስልም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይህኛው ግን ራስዎ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል፤ አንዱ ነጥብ ይጠፋና አጠገቡ ያለው ይበራል። በመጨረሻም ዓይኖችዎን እያፈራረቁ ጨፍነው ይመልከቱ። ግራ ዓይን የሚያየው የነጥቦች አበታተን ቀኝ ዓይን ከሚያየው የተለየ ነው። ዓይኖቻችን በ6 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚራራቁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አሸዋ ያያሉ፤ አንጎልም ሁለቱን አዋሕዶ አንድ ምስል ማድረግ ያቅተዋል። አሸዋው አንዳንዴ ከፊደሎቹ ፊት፣ አንዳንዴ ከኋላቸው የተንሳፈፈ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያሰለቸውም ከነጥቦቹ ብዛት ይልቅ ይህ መንሳፈፋቸው ይመስለኛል።

መንስኤው ስክሪኑን ማት ያደረገው ያው ንጣፍ ነው።

ለስላሳ መስታወት ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ይወረውራል። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ከጀርባ የቀትር ፀሐይ የሞላበት መስኮት ካለ ያ 4 በመቶ ስክሪኑ ራሱ ከሚያወጣው ብርሃን ጋር ይፎካከራል፤ ጥቁር ምስል ላይማ የሚታየው የገዛ ፊትዎ ነው። ማት ንጣፍ ይህን ብርሃን አያጠፋውም፣ ይበትነዋል። የመስኮቱ ቅርጽ ይፈርስና ነጣ ያለ ስስ ብርሃን ሆኖ በስክሪኑ ላይ ይዘረጋል። ማት ስክሪን ደጅ ሲወጣ ጥቁሩ ግራጫ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሻጮች «ለዓይን መከላከያ ያለው ነው» ሲሉ ይሰማል፤ የንጣፉ ሥራ ግን ነጸብራቅ መበተን ነው፣ ሌላ ነገር አይከላከልም።

በአብዛኞቹ ማት ላፕቶፖች ላይ ይህ ንጣፍ የሚገኘው ፖላራይዘር ከተባለው ስስ ፕላስቲክ ፊት ላይ ነው። ፋብሪካው ሙጫ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸውን የሲሊካ ወይም የፕላስቲክ እንክብሎች ይቀላቅልና ፕላስቲኩን ይቀባዋል፤ ከዚያም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያደርቀዋል። ሲደርቅ ፊቱ ወጣ ገባ ይሆናል። መስታወቱ ራሱ ማት እንዲሆን ሲፈለግ ደግሞ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ባለበት ድብልቅ ፊቱ ይበላል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ነገር አንድ ነው፤ በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ የሚል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ጉብታና ጎድጓዳ የሞላበት መሬት።

እያንዳንዱ ጉብታ ታዲያ ሌንስ ነው። ሌንስ ይሁን ብሎ የነደፈው የለም፤ ግን ብርሃን የሚያሳልፍና ጎበጥ ያለ ነገር ሁሉ ብርሃን ይሰብራል። ከሥሩ ያለው ፒክስል ደግሞ አንድ ወጥ ነጥብ አይደለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ቀጫጭን መስኮቶች ጎን ለጎን ተደርድረው፣ በመካከላቸው ጥቁር መስመር ገብቶ ነው የተሠራው። ነጭ የምንለው ሦስቱ እኩል በርተው ዓይን ሲደምራቸው የሚታየን ነው። አሁን አንዱ ጉብታ እርስዎ ካሉበት አቅጣጫ ሲታይ በአጋጣሚ አረንጓዴው መስኮት ላይ ያነጣጥራል፤ ያን ፒክስል ወደ አረንጓዴ ያደላ ያደርገዋል። የጎረቤቱ ጉብታ ጥቁሩ መስመር ላይ ያነጣጥርና ፒክስሉን ያደበዝዘዋል። ሦስተኛው ቀዩን ያጎላል። ጉብታዎቹ ሥርዓት ስለሌላቸው ውጤቱም ሥርዓት የለውም። ራስዎን ትንሽ ሲያዘነብሉ እያንዳንዱ ሌንስ ዒላማውን ይቀይራል፤ አሸዋውም ይንቀሳቀሳል።

እዚህ ላይ ርቀት ትልቅ ድርሻ አለው። ለመታጠቢያ ቤት መስኮት የሚገጠመውን ሻካራ መስታወት ያስታውሱ፤ ከወዲያ በኩል እጁን መስታወቱ ላይ የለጠፈ ሰው ጣቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሲል ግን ጥላ ብቻ ይሆናል። ሻካራው ገጽ ፒክስሉ ላይ ተለጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ ብርሃኑን ለማዛባት ቦታ አያገኝም ነበር። ነገር ግን በመካከላቸው የቀለም መስኮቶቹን የያዘው መስታወትና ፖላራይዘሩ አሉ። ውፍረታቸው ተደምሮ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል፤ ሆኖም ስፋቱ የሚሊሜትር ጥቂት መቶኛ ለሆነ የቀለም መስኮት ይህ ሩቅ ነው። ከላይ ተጨማሪ መከላከያ መስታወት ተደርቦ ማት የተደረገው እሱ ከሆነ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል፤ አሸዋውም ይብሳል። በጣት ንክኪ በሚሠሩ አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ከዚህ የተለየ፣ መረብ የመሰለ መስመር የሚታየው ግን ከንክኪ አንባቢው ሽቦዎች ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ችግሩ ከጥራት ጋር አብሮ ማደጉ ያስገርማል። ስክሪኑ 15.6 ኢንች ሆኖ በአግድም 1366፣ በቁም 768 ፒክስል ባለው የቀድሞ ላፕቶፕ አንዱ ፒክስል 0.25 ሚሊሜትር ያህል ነው። በ14 ኢንች ላይ 1920 በ1080 ሲሆን ወደ 0.16 ይወርዳል፤ 2880 በ1800 ሲሆን ደግሞ 0.1 ገደማ ይሆናል። ፒክስሉ ሰፊ ሳለ በአንዱ ላይ ብዙ ጉብታ ይሰፍርበታል፤ አንዱ ያጎላውን ሌላው ያደክመዋል፣ በአማካይ ነገሩ ይስተካከላል። ፒክስሉ ወደ ጉብታው መጠን ሲጠጋ ግን አማካይ የሚባል ነገር ይጠፋል። ትናንት ያላስቸገረ ንጣፍ በዛሬው ስክሪን ላይ ያስቸግራል ማለት ነው። በሌላ በኩል የዓይንም አቅም ወሰን አለው። ጤነኛ ዓይን በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉ አሸዋው የሚረግበው ለዚህ ነው።

ከነጭም በላይ አሸዋውን የሚያጋልጠው ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነ ምስል ነው። ከሦስቱ መስኮቶች አንዱ ብቻ ስለሚበራ የፒክስሉ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ነው፤ ሌንሱ ወይ ብርሃኑን ያገኘዋል ወይ ይስተዋል። ዓይናችንም ከቀለማት ሁሉ ለአረንጓዴ የበለጠ ንቁ ነው። መሐንዲሶች ስክሪን ሲለኩ አንድ ወጥ ቀለም ያበሩና በካሜራ ያነሱታል፤ ከዚያም ብርሃኑ ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ከአማካዩ አንጻር ያሰላሉ፤ ውጤቱም በመቶኛ ይነገራል። ይህን ቁጥር በላፕቶፕ መሸጫ ማስታወቂያ ላይ አይቼው አላውቅም። ራምና ፕሮሰሰሩ በጉልህ ይጻፋል፤ ዓይን ቀኑን ሙሉ የሚያፈጥበት ነገር ግን «አንቲ ግሌር» በሚል ሁለት ቃል ይታለፋል።

የሌዘር ነጥብ ግድግዳ ላይ ሲያበሩም ተመሳሳይ ቅንጣት ይታያል። መንስኤው ግን ሌላ ነው። የሌዘር ብርሃን ሞገዶች እኩል ስለሚራመዱ እርስ በርስ እየተደማመሩና እየተጣፉ ይፈጥሩታል። የላፕቶፕ ብርሃን እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም፤ ጥፋቱ በዋናነት የሌንሶቹ ነው።

ፋብሪካዎች በዚህ ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዱ መንገድ ጉብታዎቹን ማሳነስ ነው። ሌላው በንጣፉ ውስጥ ብርሃን የሚበትኑ ቅንጣቶች ጨምሮ የፒክስሉን ብርሃን ጉብታው ጋ ከመድረሱ በፊት ማደባለቅ ነው። አሸዋው ይቀንሳል፤ የፊደል ጠርዝም አብሮ ይለሰልሳል። ለእኛ ፊደል ይህ ትንሽ ኪሣራ አይደለም፤ «በ»ን ከ«ቡ» እና ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ጭረት ናት፤ እሷም በትንሽ መጠን ሲጻፍ ከአንድና ሁለት ፒክስል አትበልጥም።

ነጸብራቅን ያለ ሻካራነት ማጥፋትም ይቻላል። እንግሊዛዊው ፊዚሲስት ሎርድ ሬይሌይ በ1886 እ.ኤ.አ. ያረጀና ፊቱ የደበዘዘ መስታወት ከአዲሱ ይልቅ ብዙ ብርሃን እንደሚያሳልፍ አስተዋለ። በ1935 አሌክሳንደር ስማኩላ በጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ ሌንስን በስስ ንጣፍ መሸፈን ቻለ፤ በ1938 ደግሞ ካተሪን ብሎጄት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ነጸብራቅ አልባ መስታወት ሠራች። ስስ ንጣፉ ከላይና ከታች ፊቱ የሚመለሱት ሞገዶች እንዲጣፉ ያደርጋል፤ ዛሬ የመነጽር ሌንስ ላይ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ የሚጥለው እሱ ነው። በስክሪን ላይ ግን የጣት ቅባት ወዲያው ይጎላበታል፤ ዋጋውም ይከብዳል። አፕል በ2019 ፕሮ ዲስፕሌይ ኤክስዲአር በተባለው ሞኒተሩ ላይ መስታወቱን በናኖሜትር ደረጃ መቅረጽ መረጠ፤ ለዚህ ብቻ በአሜሪካ 1,000 ዶላር ጭማሪ ይጠይቅ ነበር። በ2024 ይኸው አማራጭ በማክቡክ ፕሮ ላይ በ150 ዶላር መጣ። አሸዋው እጅግ ይቀንሳል፤ የጥቁሩ ጥልቀት ግን አሁንም ትንሽ ይጎድላል።

እኔ ብጠየቅ፣ መስኮት ከጀርባው ባለ ቢሮ ለሚሠራ ሰው አሁንም ማት እላለሁ። የራስን ፊትና የጎረቤት ሕንፃ እያዩ ከመጻፍ ጥቂት አሸዋ ይሻላል። ፎቶ የሚያርምና መብራቱን እንደፈለገ የሚያስተካክል ሰው ግን አንጸባራቂውን ይውሰድ። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛም በተለይ ልብ ይበል፤ ለመሥሪያ ቤት የተሠሩት ሞዴሎች አብዛኞቹ ማት ናቸው፤ ሱቅ ውስጥም ባለቀለም ቪዲዮ ከፍተው ያሳያሉ፣ እሱ ላይ ደግሞ አሸዋ ይደበቃል። ሙሉ አረንጓዴ ምስል በስልክዎ ይዘው ሄደው ላፕቶፑ ላይ ያስከፍቱ።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ጥቂት ነው። ዳርክ ሞድ ነጩን ሜዳ ያስወግዳል፤ ብራይትነስ መቀነስ ያለዝበዋል፤ ወንበር ማራቅ ይረዳል። ስልክ ቤቶች የሚሸጡትን ማት ፕሮቴክተር መለጠፍ ግን ያባብሰዋል፤ ሌላ ሻካራ ገጽ ከፒክስሉ አርቆ መጨመር ነውና። በስልክ ላይም ነጩን ቀስተ ደመና የሚያስመስለው ይኸው ነው።

ንጣፉን በእርጥብ ወረቀት አለስልሰው የሚልጡ ደፋሮችም አሉ። አይሞክሩት። ሻካራው ፊትና ፖላራይዘሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ናቸውና አብረው ይነሳሉ። ምስሉን ለዓይን የሚያሳየው ፖላራይዘሩ ስለሆነ የዚያን ጊዜ ስክሪኑ ባዶ ነጭ ብርሃን ብቻ ይሆናል። ጽሑፉና ምስሉ ግን ከሥር እንዳሉ ናቸው፤ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ያያቸዋል።