ቁጣ ያሠራል?

«ሠራተኛ ሲያመሰግኑት ይሞላቀቃል፤ ሲቆጡት ነው የሚሠራው።» ይህን ከአለቃ አፍ ያልሰማ ሠራተኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ። «በዓይኔ ያየሁት ነው» ይላሉ። ማየቱንስ አይተዋል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞችም አይተው ነበር። የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካህነማን ከቅጣት ይልቅ ምስጋና እንደሚያስተምር ሲያስረዳ አንድ አንጋፋ አሠልጣኝ ተቃወመው፤ ጥሩ የበረረውን ሳመሰግነው በቀጣዩ ሙከራ ይበላሻል፣ የተበላሸበትን ስጮህበት ይሻሻላል አለ። ካህነማን አሠልጣኞቹን ሳያዩ ሁለት ሁለት ሳንቲም ከኋላቸው ወዳለ ዒላማ አስወረወራቸው። በመጀመሪያው የተሳካላቸው አብዛኞቹ በሁለተኛው ራቁ፤ የራቁት ተጠጉ። የተመሰገነም የተገሠጸም አልነበረም።

የማንም ሰው ሥራ ከፍ ዝቅ ይላል። አለቃ የሚቆጣው ሥራው ክፉኛ በወረደበት ቀን ስለሆነ ቀጣዩ ቀን ቁጣ ባይኖርም አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ምስጋናው ግን ለቁጣው ይሰጣል።

አዲስ የተሾመን ኃላፊ «ካልተቆጣህ ይንቁሃል» እያሉ የሚመክሩ ሰዎች ያናድዱኛል፤ ምክራቸው ጥፋት ያስከትላልና። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ገልብጣ የሰፋች ልጅ ሱፐርቫይዘሯ የሚጮህባት ከሆነ ልብሱን ክምሩ ሥር ትሸጉጠዋለች። ስህተቱ የሚገኘው ዕቃው ሲፈተሽ፣ ምናልባትም ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት የነርሶች ቡድኖች የበለጠ ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ነገሩን ስትመረምር፣ እነዚህ ነርሶች ስህተታቸውን ለመናገር እንደሌሎቹ አይፈሩም ነበር። ፍርሃት ባለበት ሆስፒታል የሚደበቀው እጅጌ አይደለም፤ የታማሚ ሕይወት ነው።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ወደ ማሽኑ መርፌ ሲጠጋ መጮህ ተገቢ ነው። የዕለት ተዕለት አመራር ግን በጩኸት አይሆንም።

«ያረፈደ ገንዘቡ ይቆረጥ» የሚሉም አሉ። ሃይፋ ውስጥ ልጆቻቸውን ዘግይተው በሚወስዱ ወላጆች ላይ የገንዘብ ቅጣት የጣሉ ሕፃናት ማቆያዎች የዘገዩት ቁጥር ወደ እጥፍ ሲጠጋ አዩ፤ ቅጣቱ ሲነሣም ቁጥሩ አልወረደም። ወላጅ ደመወዝተኛ አይደለምና ውጤቱ እንዳለ ወደ ቢሮ ይዛወራል ማለት ይከብዳል። ሆኖም መዘግየት አንዴ ዋጋ ከወጣለት ይሉኝታው እንደሚጠፋ ያሳያል።

«አስተያየት መስጠት ምንጊዜም ይጠቅማል» የሚለውም ልክ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ክሉገርና ዴኒሲ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ከሲሶ የሚበልጠው አስተያየት ሥራውን አዳክሞ ተገኝቷል። እንደነሱ ማብራሪያ አስተያየቱ ከሥራው ወጥቶ ሰውየው ላይ ባረፈ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። «እጅጌው ተገልብጧል፣ ፍቺውና በዚህ በኩል ስፊው» ብትባል ልጅቷ የምትሠራው ነገር አላት፤ «አንቺ ድሮም ግድ የለሽ ነሽ» ስትባል ግን ምን ታርም?