ወንጭፍና የተረሳው ግራ ክንድ

ከቆቦ ወደ አላማጣ የሚሄድ መንገደኛ በጥቅምት ግራና ቀኙን ቢያይ ማሽላ፣ ከማሽላው በላይ ማማ፣ ማማው ላይ ደግሞ ወንጭፍ የያዘ ልጅ አያጣም። ስለ ማሽላው ብዙ ተጽፏል፤ ማሽላውን ከወፍ አፍ ስለሚያስጥለው ወንጭፍ ግን የሚያነሳ የለም።

መሣሪያው ቀላል ነው። ከቃጫ ወይም ከቆዳ የተሠሩ ሁለት ገመዶች፣ በመካከላቸው ድንጋይ የሚያቅፍ ሰፋ ያለ ማረፊያ። የአንዱ ገመድ ጫፍ ጣት የሚገባበት ቀለበት ነው፤ የሌላው ቋጠሮ ነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ ይለቀቃል። ገመዱ ክንድን ያስረዝማል፤ በቃ።

የማሽላው ጠላት ግሪሳ ነው። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ የሆነች ወፍ በቀን የክብደቷን ግማሽ የሚያህል እህል ትለቅማለች፤ የምትመጣው ደግሞ በመንጋ ነው። በተለይ የምትወደው ፍሬው ወተት ይዞ ገና ሳይደርቅ ነው። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ የዘራ ገበሬ ከድርቅ ቢያመልጥም የጎረቤቶቹ ማሽላ ገና ሳያሽት የእሱ ብቻውን ስለሚያሽት የአካባቢው ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሰው ሁሉ ወንጭፍ የቀኝ እጅ ሥራ ይመስለዋል። ዳዊትን የማያውቅ የለም፤ ስለ ግራ እጁ ግን ማን አስቦ ያውቃል? ልጅ ኢላማ ሲስት «ጠንከር አድርገህ አዙረው እንጂ!» ይሉታል። ልጁም ያዞራል፤ ይብስበታል። ሒሳቡን እንየው። በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚዞር ወንጭፍ በሰከንድ አንድ መቶኛ ውስጥ 11 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ቋጠሮውን በዚያች ቅጽበት ያህል ያዘገየ ልጅ 50 ሜትር ላይ ያለውን ኢላማ ከ9 ሜትር በላይ ይስተዋል። ይህን በጉልበት ማካካስ አይቻልም። ጣት ቅጽበቷን የምታገኛት ደረት በየውርወራው አንድ ዓይነት አዟዟር ሲዞር ነው፤ ደረትን የሚመራው ደግሞ ግራ ክንድ ነው።

ቀረብ ብላችሁ ልጆቹን እዩአቸው። መነሻው ላይ ግራ እጅ ድንጋዩን ከነማረፊያው ይዞ ወደ ኢላማው ይዘረጋል፤ እዚህ የሚሳሳት የለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ግራው ሥራውን የጨረሰ ሲመስለው ነው። አንዱ ልጅ ግራ ክንዱን ወደ ኋላ ያወናጭፈዋል፤ ትከሻው ያለጊዜው ይከፈታል፣ ደረቱ ከወንጭፉ ቀድሞ ይዞራል፣ ድንጋዩም ከመስመሩ ያፈነግጣል። ሌላው ክንዱን ከጎኑ ጥሎ ይረሳዋል፤ ወገቡ ይጎብጥና ድንጋዩ ሰማይ ሰማዩን ይሄዳል። ሦስተኛው በግራው የማማውን ቋሚ ጨብጦ ነው የሚወነጭፈው። በእሱ አልፈርድም፤ ማማው ይወዛወዛላ! ኢላማ መማር የሚፈልግ ግን መሬት ይውረድ።

ደንበኛው አወነጫጨፍ እንዲህ ነው፦ ቀኙ ሲዞር ግራው ወደ ኢላማው እንደተዘረጋ ይቆያል፤ ቀኙ ወደ ፊት ሲመጣ የግራው ክርን ታጥፎ ወደ ጎድን ይሰበሰባል። ያኔ ግራው ጎን ጸንቶ ይቆማል፤ የሰውነቱ ፍጥነት በቀኝ ትከሻ በኩል ወደ ገመዱ ያልፋል።

ጎሊና ወንዝ አካባቢ አንድ አዛውንት የልጅ ልጃቸውን ሲያርሙ አይቻለሁ። ድንጋይ አልሰጡትም፤ ባዶ ወንጭፍ ነበር የሚያዞረው። በግራው አጠር ያለች ጥንቅሽ አስያዙትና «ወደዚያች ግራር ዘርጋት። ስትለቅ ክርንህ ጎድንህን ይንካ። ጥንቅሿ ወደ ኋላህ ከዞረች ለእህትህ ናት» አሉት። እህቱ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች። የመጀመሪያዋን ጥንቅሽ እሷ በላቻት፤ ሁለተኛዋን ልጁ አላስነካም።

አሜሪካ ውስጥ ሶፍትቦል የሚባለውን የኳስ ጨዋታ የሚያሠለጥኑ ሰዎችንም የሚያስቸግራቸው ይኸው ክንድ ነው። ኳስ ወርዋሪዎቹ ልጃገረዶች ክንዳቸውን እንደ ወንጭፍ አዙረው ኳሷን ከታች በኩል ይለቋታል፤ ትልልቆቹ ከ13 ሜትር ገደማ፣ ትንንሾቹ ከዚያ ቀረብ ብለው። ጓንት ያጠለቀው ክንድ ወደ ጎን ከበረረ ትከሻው ያለጊዜው ይከፈትና ኳሷ መስመር ትስታለች። አንዳንዶቹ ደግሞ በጓንቱ ጭናቸውን ይመታሉ፤ ድምፁ ያምራል እንጂ የሚረባው ነገር የለም።

ወደ ማሳው ልመለስ። ጠርዝ ያለው ድንጋይ የትም ስለሚሄድ ከወንዝ ክቡን ልቀሙ። በሚዞር ወንጭፍ ኋላ ሰው አይቁም፤ መኪና በሚያልፍበት መንገድ አቅጣጫም ልጅ አታስወንጭፉ፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ግሪሳው በብዛት ከሰፈረ ደግሞ ወንጭፍ ብቻውን አይመልሰውም። መንጋው የሚያድርበትን ቦታ ያየ ሰው በዚያው ዕለት ለግብርና ጽሕፈት ቤት ይንገር፤ የአውሮፕላን ርጭት የሚካሄደው ማደሪያው ላይ ነው።