«መቅኔ ተቀይሮለት ዳነ» ስለተባለው ሰው

ሰቆጣ ላይ በምናደርጋቸው የቡና ጠጡ ውይይቶች ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «መቅኔ ተቀይሮለት ከኤች አይ ቪ የዳነ ሰው አለ አሉ። ታዲያ ለእኛ ለምን አይመጣም?»

ሰውየው እውነት ነበር። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የደም ካንሰር ይዞት እ.ኤ.አ. በ2007 በርሊን ውስጥ መቅኔ ተተከለለት። ለጋሹ በተፈጥሮው ኤች አይ ቪ ወደ ሕዋስ የሚገባበት አንዱ በር የጎደለው ሰው ነበር። ቫይረሱ ጠፋ። ካንሰሩ ግን ተመልሶ በ2020 ገደለው።

ችግሩ ወዲህ ነው። አዲሱ መቅኔ ከመተከሉ በፊት የቀድሞው በኃይለኛ መድኃኒት፣ አንዳንዴም በጨረር ይመታል። የሰውነት መከላከያ አብሮ ይወድማል፤ እስኪያገግም ወራት፣ ሲብስም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ይሄኔ ሰውነታችን ውስጥ ለዓመታት ተኝተው የነበሩ ቫይረሶች ይነሣሉ። አልማዝ ባለጭራን እናውቃት የለ? አንዷ እሷ ናት። ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ደግሞ በጤነኛ ሰው ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይኖርና፣ መከላከያ ሲጠፋ ሳንባና አንጀትን ያጠቃል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ታካሚው ደሙ በየጊዜው እየተመረመረ እንደ አሲክሎቪር ያለ መድኃኒት ለወራት ይወስዳል። ከዋግ ኽምራ ተራሮች ግማሽ ቀን በእግር ለሚመጣ ሰው ይህ እንዴት ይሆናል? ለዚህም ነው ንቅለ ተከላው ኤች አይ ቪን ለማዳን ብቻ ተብሎ የማይደረገው።

ኤች አይ ቪም ሳይታከም ሲቆይ መከላከያን ስለሚያደክም አልማዝ ባለጭራን ይቀሰቅሳል። (የወጣበት ሁሉ ቫይረሱ አለበት ማለት ግን አይደለም፤ ሐሜቱ ይቅር!) በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መሰጠት የጀመረው መድኃኒት ደግሞ ያንኑ መከላከያ መልሶ ይገነባል። «መቅኔው እስኪመጣ» ብሎ ኪኒኑን ለማቋረጥ የሚያስብ ጓደኛ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ይዛችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።