ናፍጣው ከየት ነው?

(ድምፅ፦ ሞተሪኖ ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና።)

ተራኪ፦ ባትሪው ደህና ነው። ሞተሪኖውም አልደከመም። ሞተሩ ግን በቂ ናፍጣ አልደረሰውም።

የቆመው ሾፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሉት ፊያት ነው። እሱ የሚመደብበት የ682 ዝርያ ከጣሊያን ፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.አ.አ. በ1952 ሲሆን፣ ምርቱ እስከ 1980ዎቹ ዘልቋል። ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር የሚበልጥ ሞተር፣ ከኋላው ተሳቢ። ከአሰብ ተነስቶ የአፋርን ሐሩር ያቋርጥ ነበር፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ይወጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ የዚህ መኪና ዋና ጎዳና ይኸው ነበር።

(ድምፅ፦ የሞተር መክደኛ ይከፈታል።)

ሾፌር ወደ ጋራዥ የሚመጣው ከሁለት ስሞታዎች አንዱን ይዞ ነው። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ናፍጣ ያንጠባጥባል» ይላል። ሌላው፣ «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይለኛል፤ ግን ከሥሩ ደረቅ ነው» ይላል። ሁለቱም ያንኑ በሽታ ይዘው ሊሆን ይችላል።

ናፍጣው ከታንከር እስከ ማቀበያው ፓምፕ ድረስ በመሳብ ነው የሚመጣው። ከፓምፑ ወዲያ ግን እየተገፋ ይሄዳል። በሚገፋበት በኩል ቱቦ ቢሰነጠቅ ናፍጣው ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሬቱ ይረጥባል፣ ሰው ያያል። በሚሳብበት በኩል የተሰነጠቀ እንደሆነ ደግሞ ሞተሩ በሚሠራበት ሰዓት አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ላትወርድ ትችላለች። ሌሊት መኪናው ሲቆም በዚያች ቀዳዳ የገባው አየር ናፍጣውን ወደ ታንከሩ ይመልሰዋል፤ ጠዋት ሞተሪኖው በከንቱ ይጮኻል። ስለዚህ ደረቅ መሬት ማስረጃ አይሆንም።

እርጥብ ቦታም ቢሆን ያሳስታል። ከላይኛው መጋጠሚያ የወጣች ጠብታ ቱቦውን ተከትላ ትወርዳለች፤ የአየር ማራገቢያው ንፋስ ይበትናታል፤ በመጨረሻ ከታች ካለው ብሎን ላይ ተንጠልጥላ ትገኛለች። መካኒኩ ቸኩሎ ያንን ብሎን ያጠብቃል። ጋራዦቻችን ውስጥ ያለ ጥፋቱ ተፈትቶ የሚጣለው ዕቃ ብዛት ያሳዝናል።

ጥሩ መካኒክ መጀመሪያ ቁልፍ አያነሳም። ሞተሩን አጥቦ ያደርቃል፤ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ ዱቄት ወይም ደቃቅ አመድ ይነሰንሳል። ከዚያ ያስነሳና ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ያያል። በቅድሚያ የረጠበው ዱቄት ቦታውን ይናገራል።

(ድምፅ፦ ሞተሩ ከብዙ ልፋት በኋላ ይነሳል፤ ወጣ ገባ እያለ ይሠራል።)

እዚህ ላይ እጅ ወደ ኋላ። ከኢንጀክሽን ፓምፑ ወደ ኖዝል የሚሄደው ናፍጣ ግፊቱ በእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞተሮች ከ150 ባር በላይ ይደርሳል፤ የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ገደማ ነው። ከስንጥቅ የምትወጣ ናፍጣ ዓይን የማያያት ስለሆነች ሰው በጣቱ ሲፈልጋት ቆዳውን በስታ ትገባለች። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፤ ውስጡ ግን ይበላሻል፤ ጣት እስከማስቆረጥ የደረሰ ጉዳት ነው። ፍተሻው በካርቶን ቁራጭ ይሁን። የጋለ የጭስ መውጫ ብረት ላይ የምትረጭ ናፍጣም ክብሪት ሳይለኮስላት ልትቀጣጠል ትችላለች።

የዚህ መኪና ስንጥቅ የተገኘው ከሦስተኛው ኖዝል ቱቦ ላይ ነው፤ ዳዶው ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች። ቱቦው ይቀየራል። በብየዳ መሞከር ከንቱ ነው፤ የቱቦው ውስጠኛ ቀዳዳ ይደፈናል ወይም ስንጥቁ እዚያው አጠገብ እንደገና ይሰበራል። ከሌላ መኪና የተነቀለ፣ ርዝመቱ የተለየ ቱቦ አጥፎ ማስገባትም አይሆንም። ፋብሪካው ስድስቱንም ቱቦዎች እኩል ርዝመት ያደረጋቸው ናፍጣው ለሁሉም ሲሊንደር በእኩል ጊዜ ውስጥ እንዲደርስ ብሎ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለኤንትሬ የሚሆን ዕቃ የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ቱቦ ይዞ ሄዶ ጎን ለጎን አድርጎ ይለካ።

ቱቦው ለምን ተሰነጠቀ? ቱቦዎቹን እርስ በርስ ጠፍራ የምትይዘው ትንሽዬ የብረት ማሰሪያ የለችም። አንድ ጊዜ ሞተሩን የፈታ ሰው ሲገጥም ትቷታል። ያልታሰረ ቱቦ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይርገበገባል፤ ብረቱ ከዳዶው ሥር ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ማሰሪያዋ ካልተመለሰች አዲሱም ቱቦ ያንኑ መንገድ ይሄዳል።

ከዚያ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች ይታያሉ። መዳብ ሲጨመቅ ይጠነክራልና በሁለተኛው ጊዜ በደንብ አይከድንም። አዲስ ከጠፋ አሮጌውን በእሳት ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪይዝ አግሎ ማቀዝቀዝ ልስላሴውን ይመልስለታል። በዳዶው ጥርስ ላይ ነጭ ፕላስተር መጠቅለል ግን ልማድ ብቻ ነው፤ ናፍጣውን የሚያግደው የቱቦው ሾጣጣ ጫፍ እንጂ ጥርሱ አይደለም፤ የፕላስተሩም ብጣሽ ኖዝል ይደፍናል። ከልክ በላይ ማጥበቅ ደግሞ ያንኑ ጫፍ ያጣምመዋል። የጎማ ላስቲክ ቀዶ መጠምጠምም ብዙ አያራምድም፤ ላስቲኩ በናፍጣ ይላላል።

(ድምፅ፦ የእጅ ፓምፕ፤ ቀስ ያለ ምት።)

አሁን አየሩ ይውጣ። የማጣሪያው ብሎን ላላ ይደረግና የእጅ ፓምፑ ይመታል፤ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው አልቆ ናፍጣው ጥርት ብሎ ሲፈስ ብሎኑ ይጠብቃል። ቀጥሎ ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ እንዲሁ ይደረጋል። በመጨረሻ ኖዝሎቹ ላይ ያሉት ዳዶዎች ላላ ብለው ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሁሉም ናፍጣ ሲተፉ ይጠብቃሉ።

አንድ ሥራ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ይነቀላል። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ሌላ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ በዚያ ዘይት ደግሞ መኪናው ከጋራዡ በር አይወጣም።

(ድምፅ፦ ሞተሩ ይነሳል፤ ምቱ እኩል ነው።)