ከእብድ ውሻ ንክሻ በኋላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በጊዜው የተሟላ ሕክምና ያገኘ ሰው ግን ከበሽታው ያመልጣል። ሰዎችን ከሕክምና ከሚያዘገዩት ነገሮች መካከል የሚከተሉት አመለካከቶች ይገኛሉ።

አመለካከት፦ ክትባት ከተነከሱ በኋላ አይሠራም።
እውነታው፦ አብዛኞቹ ክትባቶች አስቀድመው የሚሰጡ ናቸው። የእብድ ውሻ ቫይረስ ግን ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው፤ አንዳንዴ ግን በሳምንት ውስጥም ሊታይ ይችላል። ክትባቱ በዚህ ፋታ ሰውነት ቫይረሱን የሚዋጋበትን የራሱን ተከላካይ (አንቲቦዲ) እንዲያመርት ያደርጋል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር በ1885 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፓሪስ ውስጥ በክትባቱ ያዳነው የ9 ዓመቱ ጆሴፍ ማይስተርም አስቀድሞ በውሻ የተነከሰ ልጅ ነበር።

አመለካከት፦ ክትባት ከጀመርኩ ሌላ መርፌ አያስፈልገኝም።
እውነታው፦ ክትባቱ በቂ አንቲቦዲ እስኪያስገኝ ከ7 እስከ 14 ቀን ያህል ይወስዳል። ንክሻው ቆዳን በስቶ ከገባ በዚያ መሐል ሰውነት ባዶ እጁን እንዳይቀር ኢሚዩኖግሎቡሊን ያስፈልጋል። ይህ ከተከተበ ሰው ወይም ፈረስ ደም የሚገኝ፣ ተዘጋጅቶ ያለቀ አንቲቦዲ ሲሆን ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። አንዱ ሰውነትን ያስተምራል፤ ሌላው እስከዚያው ይከላከልለታል።

አመለካከት፦ ሆድ ላይ በየቀኑ መወጋት አልችልም።
እውነታው፦ ይህ ፍርሃት የመጣው ከበግ አንጎል ይዘጋጅ ከነበረው አሮጌ ክትባት ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ በሕዋሳት ላይ የሚመረተው ክትባት ብዙ ጊዜ ክንድ ላይ በ4 ወይም በ5 ዙር ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሴትም ሆነች ሕፃን ሊወስዱት ይችላሉ።

አመለካከት፦ ጭረት ብቻ ነው፤ ደግሞም ቡችላ ነው።
እውነታው፦ ቫይረሱ ያለው በምራቅ ውስጥ ነው። ትንሽ ጭረትም በር ይከፍትለታል፤ የታመመ ቡችላም ያስተላልፋል።

አመለካከት፦ ውሻውን መግደል ይሻላል።
እውነታው፦ ጤነኛ የሚመስለውን ውሻ አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይሻላል። ከ10 ቀን በኋላም ደህና ከሆነ በነከሰበት ጊዜ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያስቆም ይችላል። ሕክምናው ግን ይህን ውጤት ሳይጠብቅ ይጀመራል።

አመለካከት፦ ጠበል ወይም የባህል መድኃኒት ይበቃል።
እውነታው፦ እምነትና ክትባት አይጣሉም። ጠበል የሚሄድ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ። ቁስል ላይ ቅጠል መጠቅጠቅ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ ውሻ ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረሱ፤ የታዘዘልዎትን ዙር ሁሉ ይጨርሱ። ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻን ይደብቃሉና ሳይቆጡ ይጠይቋቸው። ውሻ ካለዎትም ያስከትቡት፤ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ እስከ 99ኙ የሚያዙት ከውሻ ነው።